ከከርከሮው ጀርባ ማን አለ?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከደጀን ወረድ ብሎ፣ ዓባይ አፋፍ ላይ የማርስ ገበሬ ነኝ። በቆሎና ማሽላ እዘራለሁ። ዘንድሮ ግን የዘራሁት ለአውሬ ነው ማለት ይቻላል። ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮ። እሸቱ ሳይደርስ ግማሹ አለቀ። ታላቅ ወንድሜ እንግሊዝ አገር እርሻ ላይ ነው የሚሠራው። ጥንቸልና ቀበሮ የሚመታበት አንድ ጠመንጃ፣ ትንንሽ አጋዘን የሚያድንበት ሌላ ጠመንጃ አለው። ስደውልለት ‹243 የሚባለውን ፈልግ፣ ለተባይም ለአደንም ይሆንሃል› አለኝ። አንዱ ጎረቤቴ ‹ክላሽ እያለ ምን ያደክምሃል› ይለኛል። ሌላው ‹22 ትበቃሃለች፣ ድምፅም የላት› ይላል። አልደብቅዎትም፣ አውሬውን ካባረርሁ በኋላ አልፎ አልፎ ድኩላና ሚዳቋ ባገኝም አልጠላም። የትኛውን ካሊበር ልያዝ?

በቆሎው ያለቀበት፣ ከደጀን»

ወንድሜ፣ እግዜር ይተካልህ። ማታ ቆሞ ያደረ በቆሎ ጠዋት ተጋድሞ ሲገኝ ምን እንደሚያበግን አውቀዋለሁ። እኔም ያደግሁት ሞጣ አካባቢ ነው። ልጅነቴ ያለቀው ማማ ላይ፣ ወንጭፍ ይዤ ነው።

መልሴን አላስጠብቅህም። ጠመንጃ አትግዛ። ወንድምህ አልዋሸህም፤ 243 ለእሱ ሥራ የታወቀ ጥይት ነው። ጎረቤቶችህ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል። ለምን እንደሆነ ልንገርህና የፈለግኸውን አድርግ።

መጀመሪያ ይህን ካሊበር የሚሉትን ነገር እንፍታው። ቁጥሩ የሚነግርህ የእርሳሱን ውፍረት ብቻ ነው። 22 ማለት ከመቶ የተከፈለ ኢንች 22ቱ ነው። ወደ 5.6 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ቁጥሩ ሦስት አሃዝ ከሆነ ደግሞ ከሺህ ነው የሚቆጠረው። 223 የሚባል ሌላ ጥይት አለ፤ እርሳሱ በውፍረት ከዚያችው ከ22 እምብዛም አይለይም። ሁለቱን እርሳሶች መዳፍህ ላይ ባስቀምጥልህ መንትያ ትላቸዋለህ። ግን የ22ቷ እርሳስ 2.6 ግራም ያህል ትመዝናለች፣ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። የ223ቱ 3.6 ግራም ነው፣ ፍጥነቱ ወደ 980 ሜትር ይጠጋል። ጉልበታቸውን ጁል በሚባለው መለኪያ ብታሰላው የመጀመሪያዋ 160 ጁል ገደማ፣ ሁለተኛው 1,700 ገደማ ነው። አሥር እጥፍ ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው ቀለሁ ውስጥ ነው፣ በባሩዱ። አንድ ዓይነት ጠጠር አንዱን ሕፃን በእጁ ወረወረው፣ ሌላውን ጎረምሳ በወንጭፍ ለቀቀው እንደማለት ነው።

የሚወፍር ሁሉም አይበረታም። አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። ታውቀው ይሆናል፣ የፈረንሳዮች የ1874 ጠመንጃ ነው። ግራ ከሚባለው ሠሪው ስም የመጣ ነው፤ «ፊዚ ግራ» እኛ አፍ ላይ ሲደርስ ውጅግራ ሆነ። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ አውራ ጣት ሊገባበት ምንም አይቀረው። እርሳሱ 25 ግራም ነበር፣ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል የሚሄድ። የወንድምህ 243 እርሳስ ደግሞ ከባድ የሚባለው 6.5 ግራም ነው፣ ፍጥነቱ 900 ሜትር ገደማ። አስላው፤ ሁለቱም 2,500 እና 2,600 ጁል አካባቢ ይገናኛሉ። ቀጭኑ ከወፍራሙ እኩል ያውም ቀጥ ብሎ፣ ሳይወርድ ይሄዳል። አያቴ ይህን ቢሰሙ ይስቁብኝ ነበር። ለእሳቸው ጠመንጃ ማለት ግርማው ነው።

አሁን ወደ ወንድምህ። 243 በ1955 እ.ኤ.አ. ዊንቸስተር የሚባለው ኩባንያ ያወጣው ጥይት ነው። 308 የሚባለውን ወፈር ያለ ጥይት ቀለህ ወስደው አንገቱን አጠበቡትና ቀጭን እርሳስ ተከሉበት። ቀላል እርሳስ ስታጎርሰው ለቀበሮ ይሆናል፣ ከበድ ያለውን ስታጎርሰው ለአጋዘን። አንድ ጠመንጃ ብቻ ልያዝ ለሚል ሰው ደህና ነው። ሰደፉም ትከሻ አይሰብርም።

እንግሊዝ ውስጥ እሱን የሚያስመርጥ ሌላም ምክንያት አለ። ሕጉ ነው። እዚያ ለአጋዘን የሚተኮስ ጥይት ውፍረቱ ከ0.240 ኢንች፣ ጉልበቱ ከ1,700 ጫማ ፓውንድ ማነስ የለበትም፤ በእኛ መለኪያ 2,300 ጁል ገደማ ማለት ነው። 243 ይህቺን መስመር ለጥቂት ይሻገራታል። ሙንትጃክ የምትባል ውሻ የምታክል አጋዘን አለቻቸው፣ ለእሷና ከቻይና ለመጣች ሌላ ትንሽ አጋዘን ብቻ ነው በ22 ውፍረት፣ ያውም ጉልበቱ ከ1,000 ጫማ ፓውንድ ባላነሰ ጥይት መተኮስ የተፈቀደው። ስኮትላንድ ከሆነ ደግሞ ሮ ለሚሏት ትንሽ አጋዘን 223 ይበቃል። እርሳሱም አፍንጫው ለስላሳ ወይም ክፍት መሆን አለበት፤ ሥጋ ሲያገኝ እንዲከፈትና እዚያው እንዲቀር። አየህ፣ ወንድምህ «243 ፈልግ» ሲልህ የእንግሊዝን ሕግ፣ የእንግሊዝን አጋዘንና የእንግሊዝን ሱቅ አብሮ ነው የነገረህ። እሱ ጥይቱን እንደ ስኳር ሱቅ ገብቶ ይገዛል፣ ፖሊስ የሰጠውን ወረቀት አሳይቶ። አንተ 243 ከየት ታመጣለህ? ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከሽመል አይሻልም። የአያቴ ውጅግራ መጨረሻው እንዲያ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የዶሮ ማረፊያ ሆነ።

ወደ 22 ልምጣ። «ድምፅ የላትም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ለቡሄ ጅራፍ አጩኸህ ታውቃለህ። ያ «ጯ» የሚለው ድምፅ የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ የሚመጣ ነው፣ በሰከንድ ከ340 ሜትር በላይ ማለት ነው። ጥይትም እንዲሁ ነው። ከዚያ ያለፈ ጥይት ከባሩዱ ጩኸት ሌላ ራሱ አየሩን እየገረፈ ይሄዳል። 22 አዝጋሚ የሆነውን ጥይት ከጎረሰች አትገርፍም፣ ለዚያ ነው ዝም ያለች የምትመስለው። ለጥንቸል ትሆናለች። ለከርከሮ ግን በ160 ጁል ምን ታደርገዋለህ? ቆዳውና ስቡ ያስቀራታል፣ ወይም ሆዱ ውስጥ ትገባለች። ቆስሎ ገደል ወርዶ በሦስት ቀኑ ይሞታል። ወይም ዞሮ ይመጣብሃል። የቆሰለ ከርከሮ ጥርስ የገለጠውን ጭን አይቻለሁ፣ አላወራልህም። በዚያ ላይ 22 ቀርፋፋና ለስላሳ ስለሆነች ድንጋይና ደረቅ መሬት ላይ ክፉኛ ትነጥራለች። ትንሽ ናት ተብላ ትናቃለች እንጂ ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሄዳ ሰው መጉዳት ትችላለች።

ክላሽ ደግሞ በተቃራኒው ነው። እርሳሱ 8 ግራም ነው፣ 2,000 ጁል ገደማ። ለከርከሮ በጉልበት አያንስም። (የእንግሊዙን መስመር ግን አያልፍም። ይህንን ለጎረቤትህ ንገረው፣ ይናደዳል።) ችግሩ እርሳሱ የተሠራው ለጦር ሜዳ መሆኑ ነው። ጠንካራ ልባስ አለው፣ ሥጋ ውስጥ እንደ አዳኝ እርሳስ አይከፈትም። ወግቶ ያልፋል። አውሬው በቀዳዳው ደሙን እያፈሰሰ ይሮጣል፣ ጥይቱ ደግሞ መንገዱን ይቀጥላል። ባዶ ሜዳ ካገኘ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የአጎቴን ምንሽር ተውሼ ማሳ ዳር አደፈጥሁ። ሊነጋጋ ሲል አንዲት ከርከሮ ከልጆቿ ጋር ብቅ አለች፤ ከዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ሰማዩ ከኋላዋ። እንዴት ታምራለች! ጥቁር ሆና፣ ጥርት ብላ። እንዲህ ዓይነት ዒላማ ከየት ይገኛል አልሁ። ተኮስሁ፣ ሳትሁ። ጥይቷ የዳገቱን ድንጋይ ጫረችና «ዥው» ብላ ሄደች። ወዴት እንደሄደች አላየሁም። ትንሽ ቆይቶ ከዳገቱ ማዶ ጩኸት ተሰማ። የጎረቤታችን ላም ጭኗን ተመትታ ወድቃለች። እረኛው ከላሟ አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ስንደርስ ያለቅስ የነበረው ለላሟ ነው፣ ለራሱ ምን እንደቀረለት አልገባውም። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አባቴ ጊደር ከፈሉ፣ ታረቅን። ምንሽሩ ምን ካሊበር ነበር ብለህ ብትጠይቀኝ ዛሬም አላውቀውም። የሚያስፈልገኝ እሱ አልነበረም። ማወቅ የነበረብኝ ከዳገቱ ማዶ ምን እንዳለ ነው።

ስለዚህ ለአንተ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ከርከሮው ጀርባ ምን አለ? አንተ አፋፍ ላይ ነህ። ወደ ገደሉ ብትተኩስ ታች ቆላ ውስጥ እንጨት የሚለቅም፣ ፍየል የሚጠብቅ አለ። ወደ ዳገቱ ብትተኩስ ሰማይ ነው፣ ከሰማዩ ማዶ መንደር አለ። ሌሊት ከሆነ ይህም አይታይህም። በዚህ ዘመን ደግሞ ሌሊት የተተኮሰን ጥይት «ለከርከሮ ነው» ብሎ የሚተኛ ሰው የለም። አገሩ ሁሉ ይነሳል። መልስ የሚተኩስም አይጠፋም።

በነገራችን ላይ ሌሊት የሚመጣው ከርከሮ መሆኑን አይተሃል? እጠይቃለሁ፣ ምክንያቱም ከርከሮ የቀን አውሬ ነው። ሲመሽ ጉድጓዱ ይገባል። ሌሊት ማሳ የሚያርሰው ብዙ ጊዜ የዱር አሳማ ነው፣ ጠጉራሙ፣ እንደ ከርከሮ ፊቱ ላይ ኪንታሮት የሌለው። ወይም ጃርት ነው። ጠዋት ወርደህ አገዳውን እይ። ከሥሩ በጥርስ ተግጦ፣ ቆሞ የነበረው ጎንበስ ብሎ ከወደቀ ጃርት ነው፤ እሾህም ጥሎልህ ይሆናል። ማሳው ተገልብጦ፣ ተረግጦ፣ አፈሩ ተቆፍሮ ከሆነ አሳማ ነው። እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ግማሹ ተበልቶ ግማሹ ተጥሎ ካየህ የዝንጀሮ ሥራ ነው፣ እሱም በቀን። ለጃርት ጠመንጃ መያዝ ለዝንብ መጥረቢያ እንደመያዝ ነው።

ዝንጀሮን በጥይት አትችለውም። እውነቴን ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰውና ባዶ እጁን የመጣ ሰው ይለያል። አንተ ስትወጣ ይወጣል፣ ለምሳ ስትገባ ይወርዳል። እኛ ማማ ላይ ሆነን ዱላ በትከሻችን አጋድመን እናታልለው ነበር፣ ሁለት ቀን ሠራ፣ በሦስተኛው ነቃብን። ዝንጀሮ ሌሊት ገደል ላይ ነው የሚያድረው። ስለዚህ መንገዱ ይታወቃል፤ ጠዋት ከገደሉ በየት እንደሚወጣ ሁለት ቀን ተመልከት፣ እዚያ ጋ ሰውና ውሻ አቁም። ማሳ ውስጥ ከገባ በኋላ ማባረር ውሃ ከፈሰሰ በኋላ እንስራ መድፈን ነው። አጎራባቾችህን አስተባብረህ በተራ ጠብቁ። አንድ ሰው ብቻውን ከጠበቀ መንጋው የእሱን ማሳ ትቶ የጎረቤቱን ይበላል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ደረቱ ቀይ ሆኖ ካየኸው ደግሞ ጭላዳ ነው፣ ሣር በሊታው። እሱን እንዳትነካ። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር በዱር አይገኝም።

ለአሳማው ማማ ሥራ። ማማ አሮጌ ነገር እንዳይመስልህ። ወንድምህን ጠይቀው፣ እንግሊዞችም ጀርመኖችም አጋዘን የሚጠብቁት ከእንጨት ማማ ላይ ሆነው ነው። ብልሃቱ ምን መሰለህ? ከላይ ወደ ታች ስትተኩስ የሳተም፣ ወግቶ ያለፈም ጥይት እዚያው አፈር ይበላዋል። እኛ ለማየት ብለን የሠራነውን እነሱ ለጥይት ማቆሚያም ይጠቀሙበታል። እኔ ያን ጊዜ ከማማው ወርጄ ማሳ ዳር ባልተጋደም ኖሮ ላሟም አትመታ፣ ጊደሯም አትሄድ ነበር። አንተ ግን ማማው ላይ የምትይዘው ቆርቆሮና ውሻ የሚጠራ ድምፅ ነው። በማሳው ዙሪያ እሾህ እጠር፣ በሚገባበት በኩል ቦይ ቆፍር። አሳማ መንገዱን አይቀይርም፣ የለመደውን ነው የሚሄደው፤ እሱን መንገድ ዝጋበት።

ይህ ሁሉ ካልሠራስ? ወረዳ ሂድ። ብቻህን አይደለም፣ የተጎዳችሁት ሁሉ አንድ ላይ፣ በጽሑፍ። የበላውን አውሬ፣ የጠፋውን ማሳ ስፋት፣ ቀኑን ጻፉ። ጉዳት የሚያደርስን አውሬ ማስወገድ ካስፈለገ በፈቃድና ኃላፊነት ባለው ሰው ነው የሚሆነው። ያኔ የሚመጣው ተኳሽ 22 ይዞ አይመጣም። ትልቅ ወንድ ከርከሮ ከመቶ ኪሎ ያልፋልና 308ን የመሰለ ጠንከር ያለ ጥይት፣ የሚከፈት እርሳስ፣ በቅርብ ርቀት፣ ከማማ ላይ ሆኖ፣ ከብብቱ ጀርባ። የካሊበር ጥያቄህ ቁርጥ ያለ መልስ ካስፈለገው ይህ ነው።

ድኩላና ሚዳቋን በተመለከተ ግን አልስማማህም። ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። በ1999 ዓ.ም የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 አለ፣ በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። አንዱ አውሬውን ይጠይቅሃል፣ ሌላው ጠመንጃውን። ሁለቱንም በአንድ ጥይት ልትጥስ ነው ያሰብኸው።

ደግሞም ወንድምህ «ትንሽ አጋዘን» ሲልህ አንተ ድኩላ መሰለህ። አይደለም። የእነሱ አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል፣ ድኩላ አንዴ ያበቀለውን ይዞ ነው የሚሞተው። አፍሪካ ውስጥ እውነተኛ አጋዘን በተፈጥሮ ያለው ሰሜን ጫፍ ላይ፣ እነ አልጄሪያና ቱኒዚያ ውስጥ ነው። የእኛዎቹ ሌላ ዘር ናቸው፤ ያውም ስማቸው ዓለም የዞረ። ሳይንቲስቶች የሐበሻውን ድኩላ «ዴኩላ» ብለው መዝግበውታል፣ ከእኛው አፍ ወስደው። «ማዶኳ» የሚባል የትንንሽ ሚዳቆች ወገንም አላቸው፣ ይህም ሚዳቋ ከሚለው የመጣ ነው። ስሙ ላይ ቢሳሳቱም፣ እነሱ ማዶኳ ያሉት እኛ እንሹ የምንለውን ነው፣ ስሙ ግን በዚያው ጸንቷል። ሚዳቋ ብትመዝን አሥራ አምስት ኪሎ ነው፣ ሃያም ብትሞላ። በክላሽ ብትመታት የምትበላው የሚተርፍህ አይመስለኝም።

ወንድምህ ለገና እመጣለሁ ብሎህ ከሆነ ስለ 243 አታውራው። ሩቅ የሚያበራ ጠንካራ የእጅ ባትሪ አምጣልኝ በለው፣ ከተቻለ ሁለት። ከዚያ ከምንሽሩ ጉድ በኋላ አባቴ ለእኔ የገዙልኝ ባትሪ ነበር፤ ዋጋው ከጊደሯ በጣም ይቀንሳል።